ሞዴል አሥራ ዘጠኝ

ሰኔ ሃያ ሰባት፤ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣
ከዚያ ወዲያ ብሩ ተመላሽ ይሆናል።
እኔ ገንዘብ ያዧ ጦይባ አበጋዝ ነኝ፣
ቁልፍ ባንገቴ ላይ፣ ካዝና ሥር የምገኝ፤
ካዝናው ዝገት በልቶት በጉልበት ይዘጋል፣
በእርግጫ ይከፈታል።

መጋቢት ላይ ንፋስ ከሐይቁ ተነሣ፣
የአራተኛ «ለ»ን ጣሪያ
ቅርፊቱን ገፈፈው ልክ እንደ ዓሣ።
ስድሳ ሁለት ልጆች ከዋርካው ሥር ሆኑ፣
ፀሐይ ስትዞር አብረው እየዞሩ፣ ጥላ ሲለምኑ።

በጀት የለም አልልም። መጥቷል በነፍስ ወከፍ፣
ለጠመኔ፣ ለጥገና፣ በየመደቡ ሊጻፍ።
ግን ሦስት ፕሮፎርማ ይላል መመሪያው።
ቆርቆሮ የሚሸጥ ሐይቅ ከተማ ላይ ስንት ሱቅ ነው ያለው?
አንደኛው የኑርዬ፣ ሁለተኛው የአማቹ፣ ሦስተኛው የወንድሙ፤
እጅ ጽሑፉ አንድ፣ ዋጋውም አንድ ነው፣ የሚለየው ማኅተሙ።
ኮሚቴው ፈራ። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽም።
«ይቆይ» ተባለ።
የሰኔን ዝናብ ግን ይቆይ ያለው የለም።

ሙሄ ይመር መጣ በዚያው ቀን በጠዋት፣
እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጆንያ በጫንቃው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣበት።
ልጁ «ለ» ክፍል ነው።
«አርባ አምስት ቆሮሶ፤ የሌሊቱን ሲሳይ አንዱን አልሸጥኩትም፣
ብር የለኝ፣ ጦይባ። ለጣሪያው ይሁንልኝ፤ ሌላ አልጠይቅም።»

የብር ደረሰኝ ለብር ነው። ለዕቃ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣
እሱ ደግሞ በየሣጥኑ እየጠየቀ አስጨነቀኝ።
የዕቃው ዓይነት? ዓሣ።
መለኪያ? በቁጥር።
የዕቃው ሁኔታ?
ትንሽ አሰብኩና «ይንፈራገጣል» አልኩ፣
በጥቁር እስክሪብቶ፣ በሦስት ኮፒ ጻፍኩ።

ንብረት የሚሸጠው በጨረታ እንጂ በእጅ አይደለም፣
ማስታወቂያው ይለጠፋል አሥራ አምስት ቀን፤
ዓሣው ግን አሥራ አምስት ሰዓት እንኳ የለውም።
መምህር አራጋው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ራሱን አከከ፣
ወጣና የመኪናውን ቸርኬ፣ ደወላችንን፣ በድንጋይ ቀጠቀጠ።

ሰው መጣ። ከገበያው፣ ከመስጊዱ፣ ከመናኸሪያው።
መሪጌታ ድልነሣው፣ የሰኔ ጾም ላይ ናቸው፤
ዓሣ ይበላል አይበላም ክርክሩ ሳይዘጋ፣
ሁለት ገዙ በሦስት እጥፍ ዋጋ፣
«እኔ አልበላውም» አሉ፤ «መልሳችሁ ሽጡት።»
የቡና ነጋዴዋ ከሪማ ያንኑ ገዝታ፣ እሷም «ድገሙት!»
አንዱ ቆሮሶ አራት ጊዜ ተሸጠ፤
ከማቅለጥለጥ ወደ መድረቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋጋው እየበለጠ።
እኔ እጽፋለሁ። ጣቴ ቅርፊት ሆኗል።
ከመዝገቡ ገጽ ላይ ሽታው እስካሁን አለ፤ አፍንጫ ያለው ያውቃል።

ብሩ ለአሥራ ስምንት ቆርቆሮ በቃ።
ክፍሉ የሚፈልገው ሠላሳ አራት ነው።
በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ማታ
ሳይነካ፣ ንጹሕ እንደ ሆነ፣ ወደ መጣበት ሄደ።

በጥቅምት ኦዲተር ከደሴ ደረሱ፣
አቶ ልሳነወርቅ፣ መነጽራቸውን እያበሱ።
መደመሪያ ማሽኑን ሁለት ጊዜ መቱ፤
በሦስተኛው ዝም አሉ፤ ገጹን አሸተቱ።
«በአሥራ ዘጠኝ አርባ አምስት ገብቶ፣
በሃያ ሁለት ሰባ አንድ ወጣ፤
ወይዘሮ ጦይባ፣
ሃያ ስድስቱ ዓሣ ከየት መጣ?»

ወሰድኳቸው ወደ «ለ» ክፍል።
ስድሳ ሁለቱም ልጆች በተሸፈነው ግማሽ
ተጣበው ተቀምጠዋል፤ ፀሐይ
ወለሉ ላይ መስመር አስምራለች፣ ከመስመሩ ወዲያ ማንም የለም።
የሙሄ ልጅ ከመስመሩ ጫፍ ነው፤
ግማሽ ደብተሩ ጥላ ውስጥ፣ ግማሹ ያንጸባርቃል።

ኦዲተሩ ቀና አሉ። ቆርቆሮ ቆጠሩ።
ቆጥረው ሲጨርሱ ምንም አልተናገሩ።
ግኝት ቁጥር አራት፤ «ማብራሪያ ይቅረብ» ይላል።
ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ቀኑ እያለፈ ይሄዳል።
አንድ መስመር ብቻ ጽፌያለሁ፣
እሱንም ከአሮጌው ደረሰኝ ቀድቼ፦
የዕቃው ሁኔታ፤ ይንፈራገጣል።