ከአሥር ሁለት እጅ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
አራት ድርብ አልጋ፤ አራት ከሥር፣ አራት ከላይ።
ስምንት ፍራሽ ነው። እኛ ግን አራት ነን፣
ኪራይ ሲጨምር ሌላው ሄዶ የቀረን።

ሐምሌ ላይ ኤሲው ሲሞት፣ ግድግዳው ሲያልበው፣
ማን የት እንደሚያድር ማን ሊቆጥር ነው?
ሲራጁል በራፍ ላይ፣ እኔ መስኮት ሥር፣
ሽመክት ከፍራሽ ፍራሽ ሲንከባለል፣ ሲዞር፣
ራጃን ኮሪደሩ ላይ ከነትራሱ ሲያድር።

ኤሲው ተሠርቶ ክፍሉ የቀዘቀዘ ለታ
ማንም ሳይነጋገር ሁሉም ያዘ ቦታ፤
አንዱ ላይ፣ ቀጣዩ ታች፣ ደግሞ ላይ፣ ደግሞ ታች።
ከአናቱ ሰው የለም፣ ከጎኑ ሰው የለም፣
እንዲህ ሁኑ ያለን አለቃም አልነበረም።
የሰው ላብ የሰለቸው፣ የሰው ሳል የመረረው
ሁሉም ሸሽቶ ተኛ፤ ሽሽቱ ደረደረው።

ቀን የምውለው ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ነው፤
ሂሊየም እሞላለሁ፤ ደሞዜ የማሽን ጥማት ነው።
ውጭው አርባ ሰባት፣ አስፋልቱ ይቀልጣል፤
እኔ ጋ ቧንቧው የበረዶ ጢም ያበቅላል።

ዶክተር ወሲም በመቆንጠጫ ያነሳት ነገር
ኑግ ታክላለች፤ ጥቁር፣ ብልጭ የምትል ስትዞር።
ብረት አይደለችም፤ ካርቦንና ድኝ ናት፣
ቁስል ላይ የምንቀባው አዮዲን ያለባት፣
ግን እንደ ብረት ሙል የሚፈስባት።
አራት የወርቅ ክር፣ ከቅንድብ የሳሳ፣
ለጥፎ ከደናት፤ «ቀስ በል» አለኝ፣ «እንዳትረሳ።»

ከዜሮ በታች መቶ። መቶ ሃያ። መቶ ሠላሳ።
መቶ ሠላሳ ስምንት ላይ
ጋደም ብሎ የቆየው የስክሪኑ መስመር
ድንገት እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ቆመ።
ሲፈስ የነበረው ቀጥ።

«ምን ሆኑ?» አልኩት።
«ቦታ ቦታቸውን ያዙ።»
«ማን አዟቸው?»
«ማንም። ሙል ሙልን አይወድም፤
ሙቀት ሳለ ይተራመሳል፣ ሲበርድ ግን አይጋፋም።
አንዷ ሞለኪውል ሙሉ፣ ጎረቤቷ ጎዶሎ፣
ሙሉ፣ ጎዶሎ፣ መስመር በመስመር።»
(እሱ መስመር ያለውን እኔ በልቤ ጥለት አልኩት።)
«ለስምንት ሞለኪውል ስንት ሙል ይደርሳል?»
«አራት።»
ሳቅሁ። የሳቅሁበትን አልነገርኩትም።

«ግን እወቅ» አለኝ ጓንቱን እያወለቀ፣
«ሙሉው ጨርሶ ሙሉ አይደለም፣ ጎዶሎውም ባዶ፤
ከአሥር ስምንት እጁ እዚህ፣ ሁለት እጁ እዚያ ቀርቶ ነው።»
«ብንጫነውስ?»
«በግፊት? ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ እንደገና ይፈሳሉ።»

ግፊት ሲል እኔ ግፍ ነው የሰማሁት።
ቢሆንም እውነቱን ነው፤ ሰውም ሲገፋ ይፈሳል።
ሲራጁልን ወንዝ ገፋው፣ እርሻውን ከነዳሩ በልቶ፤
ሽመክትን ዕዳ ገፋው፣ እስከ ኦቦክ፣ እስከ ጀልባው።
እኔን የገፋኝን ለዛሬ ልተወው።

መጋቢት ላይ የሽመክት ቪዛ ተሰረዘ።
አልሸኘነውም፤ ሁላችን ሥራ ላይ ነበርን።
ከታች፣ ሦስተኛው አልጋ፣
ፎጣው ሚስማሩ ላይ ቀረ፣ የሳሙናው ቆርቆሮ ከሥሩ፣
ፍራሹ መሃል የወገቡ ጎድጓዳ።
ሌሊት ሌሊት ሽቦው ሲጥ ይላል፣
ሰው እንደ ተገላበጠበት።
ከበላዩ ያለውን አልጋ እስካሁን ማንም አልወጣበትም።

ትናንት ደላላው መጣ፣ አንድ ቀጭን ልጅ አስከትሎ።
«ይሄ ባዶ ነው» አለው፤ «ስድስት መቶ ድርሃም።»
«ባዶ አይደለም» አልኩት፤ «ሁለት እጅ አለበት።»
አየኝ። አልጋውን አየ። ፎጣውን አየ።
ዋጋ የምከራከርለት መስሎት
ሃምሳ ድርሃም ቀነሰ።