የምስር ፍሬ ታክል

ሱር ከተማ፣ ባሕሩ ዳር፣ ከኩላሊት እጥበት ቤት፣
የፊተኛው ዙር ወጥቶ፣ ኋለኛው ሳይገባበት፣
በመሐሉ የምትቀር አንዲት ሰዓት አለች፤
እሷ የኔ ነች።

ሌላው ሰዓት የሐኪም ነው፣ የመርፌና የቱቦ፣
ደም ከሰው ወጥቶ ወደ ሰው የሚመለስበት ታጥቦ።
እኔ ወንበሩን አጥባለሁ፤ ክንድ የተኛበትን፣
ጣት የነካውን ቁልፍ፣ ራስ የዋለበትን።
ጓንቴን አውልቄ ጥዬ እጄን እታጠባለሁ፣
ሌላ ጓንት አጥልቄ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።
የአንዱ ወንበር ጨርቅ ለሌላው አይበደርም፣
"ቅድም ታጥቤያለሁ" የሚል ቃል እዚህ ቤት አይነገርም።
ጥግ ያለችው ክፍል ግን፣ ያቺ በሯ ቢጫ፣
ቫይረስ ጉበቱን ለያዘው ናት፤ የራሷ መግቢያ፣ የራሷ መውጫ።
የዚያ ቤት ባልዲ ከዚያ ቤት አይወጣም፣
የዚያ ቤት ነርስ ዙሩ ሳያልቅ ወደዚህ አትመጣም።

ግድግዳው ላይ ተለጥፏል ሕጉ በሦስት ቋንቋ፤
"መድኃኒቱ ሳይደርቅ ይቆይ አሥር ደቂቃ።"
ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ማላያላም፤ አማርኛ የለበትም፤
አማርኛውን በልቤ ጻፍኩት፣ ያረመኝ ሰው የለም፦
"የሻረግ፣ አትቸኩዪ።"
ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሳጥብ
ሕጉ "ቶሎ በዪ" ነበር። ይኸኛው "ቆዪ" ይላል።
እጄ ይህን እስኪለምድ ወራት ፈጀብኝ።

ከመስከት ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣
ከባሕር ጨዉ የወጣለትን ውሃ ዳግም ፈትሾ፣ መዝገብ ገልጦ፣ ጠይቆ፣
ሲጨርስ አንዲት ቃል ይጽፋል፦ "ምንም።"
የዓመት አዝመራዬ ይኸው ነው፤
ሰው ያልታመመበት፣ ወሬ ያልሆነ፣
ማንም የማያመሰግነው ምንም።

ኸልፋን ግን ችኩል ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣
ዕድሜውን መርከብ ሲደፍን የኖረ፣ ጥጥና የዓሣ ዘይት በጣቱ።
ተሽከርካሪ ወንበሩን ከበሩ አስጠግቶ፣
ከዘራውን ወለሉ ላይ መትቶ፣ ደግሞ መትቶ፣
"ያላ! ወንበር ነው ወይስ ሙሽራ የምታጥቢው?" ይለኛል።

ማክሰኞ ለታ፣ ሲቀረኝ ሦስት ደቂቃ፣
ጨርቄ ወድቆ ላነሣው ጎንበስ ስል፣
ከአራተኛው ወንበር ክንድ ሥር፣ ስፌቱ ውስጥ ተወሽቃ፣
አየኋት፤ የደረቀች ጠብታ፣ የምስር ፍሬ ታክል።
ሲስተር ሺጂ ትጣራለች። ከዘራው ይመታል።
እውነቱን ልናገር፤ እጄ ጨርቁን ሊያጥፍ ዳድቶታል፣
ልቤም "ከታች ናት፣ ማን ይነካታል?" ብሎታል።

የማን ናት? የቅድሟ መምህርት? የዚያ የጀልባ ነጂ?
ጠብታ ስም የላት፣ ኢቃማ አትጠየቅ፤
በጣት ጫፍ ተሳፍራ ትሻገራለች እንጂ።

ጠረግኳት። አጠብኩ። ደግሜ አረጠብኩ።
አሥር ደቂቃ፣ እንደገና ከአንድ።
በሩን ከፍቼ ለሽማግሌው ነገርኩት፣ በዚያ ስብርብር ዐረብኛዬ።
ይጮኻል ስል ዝም አለ።
"ስንት ታክላለች?"
የትንሿን ጣቴን ጥፍር አሳየሁት።
"ባሕር በሷ ነው የሚገባው" አለ።
"ትልቁን ቀዳዳማ ዕውርም ያገኘዋል።"
ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋደመ።

ሲጠሩት ገባ፤ ተቀመጠ፤ መርፌውን ግን አስቆመ፤
አውራ ጣቱን ከወንበሩ ክንድ ሥር ሰድዶ
ስፌቱን ዳሰሰ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣
የጣውላ መገጣጠሚያ እንደሚዳስስ በቀስታ።
"ደርቋል?" አለኝ።
"ደርቋል።"
ሺጂ ግን አይታው ነበር።
"ነካህ" አለችው፤ "ተነሥ፣ እጅህን ታጠብ።"
እየሳቀ ወደ ቧንቧው ሄደ፣
በዚያ ወንበር ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።