አርባ ቁልፍ እስከ ሰኔ ሠላሳ

በመብራት ደረሰኝ ጀርባ፣ በልጄ የእርሳስ ቁራጭ፣
«ግብ» ብዬ ጻፍኩበት፣ እኔ ቁልፍ ሻጭ፤
ከሥሩ አሰመርኩ፣ አንዴ፣ ደግሜ፣
እርሳሱን ይዤ ቀረሁ፣ አገጬን ተሸክሜ።

ኪሩቤል፣ የእህቴ ልጅ፣ ሥልጠና የወሰደው፦
«ቁጥር የሌለው ግብ፣ አክስቴ፣ ምኞት ነው።
አሥር ሺህ ተከታይ በሦስት ወር ውስጥ በይ፣
ገበያው ራሱ ነው ከዚያ የሚጎትትሽ ወደ ላይ።»
ጻፍኩት። አሥር ሺህ።
አራቱ ዜሮዎች በመስመር ተደርድረው
ቁልፍ መሰሉኝ፣ መርፌ ያልበሳቸው፣
ቢሰፏቸው ክር የማይዛቸው።

የምሸጠው ያባቴን ነው።
ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤቱ የፈረሰ ለት
ወንድሜ መኪናውን ወሰደ፣ መቀሱን ጎረቤት፤
ለእኔ አሥራ ዘጠኝ የብስኩት ቆርቆሮ፣
የቀንድ፣ የነሐስ፣ የእንጨት፣ ስንት ዘመን ታጉሮ፤
የወታደር ካፖርት፣ የሙሽራ ቀሚስ፣
ባለቤቱ ሳይመጣ የቀረ የሱፍ ልብስ።

ዛሬ ስታዲየም ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ፣
በመስኮት ብርሃን ፎቶ አነሣለሁ፤ ይኸው ነው የእኔ ሱቅ።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ቴሌግራም ላይ ተከታይ፤
ዘጠኙ ዘመድ ናቸው፤
አንዷ ራሴ ነኝ፣ በሌላ ሲም፣ ሰው አለ እንዲባል ሲታይ።
የገዙኝ ሰባት።
ቁልፉ ሃያ ብር፣
ሞተረኛው ካዛንቺስ ለመድረስ ሁለት መቶ ብር፤
እንዲህ ያለ ንግድ ለጠላትም አይነገር።

ማክሰኞ ማታ አንድ መልእክት ገባ፦
«ጤና ይስጥልኝ። ጥላዬ እባላለሁ፣ የፖስታ ቤት ጡረተኛ።
ካፖርቴ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ጠፍቶብኛል አራተኛ።»
ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ ግማሹን አውራ ጣት ሸፍኖታል።
አሥራ አንድ ቆርቆሮ ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩ፤
የቁልፉን እህት ያገኘሁት በአሥራ ሁለተኛው ነው፣ እኩለ ሌሊት አልፏል።
«ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት።
«ማድረሻውስ?» ሲለኝ አፈርኩ፣ ዝም አልኩት።
«ግድ የለም» አለ። «እግር አለኝ።»

በማግስቱ መጣ። ስታዲየሙ ጥግ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ
ሰፋሁለት፤ ክሩን በጥርሴ ስቆርጥ አመለጠው ሳቅ።
«መርካቶ ሄጄ ነበር፤ ደርዘን ግዛ አሉኝ።
አንድ የሚሸጥ ሰው እንዳለ፣ ልጄ፣ ማን ይነግረኝ?»

ማን ይነግረኝ።
ደረጃውን ሳልጨርስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተቀመጥኩ፤
ደረሰኙን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዜሮዎቹን ሰረዝኩ።
ጻፍኩ፦
እስከ ሰኔ ሠላሳ፣ አንድ ቁልፍ የጠፋባቸው አርባ ሰዎች።
ርክክብ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚያው ጥጉ ጋ፤ ማድረሻ የለም።
ከቸርችል እስከ ፒያሳ ላሉ ልብስ ሰፊዎች
ስልኬ ያለበት ወረቀት፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ።
ከፎቶው ሥር፣ «በነጠላም ይሸጣል»፤ ይኼ ይቅደም።

ኪሩቤል አየና፣ «አርባ? ይኼማ ግብ አይባልም» አለ።
«እዚህ ጨዋታ ሳለ» አልኩት፣ «አንድ ግብ ሲገባ
መስኮቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።»
አልሳቀም፤ ስልኩ ውስጥ ገባ።

ዛሬ ግንቦት አሥር። አሥራ ስድስት ደርሻለሁ።
አሥራ ሰባተኛዋ የላከችውን ፎቶ አየሁ፦
ሰማያዊ ሸሚዝ፤ አንድም ቁልፍ የለበትም፤ የክር ጉርድ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች።
«ምን ዓይነት ነበር?» ብዬ ጻፍኩላት።
«አላስታውስም። የእሱ ነበር። አንቺ ታውቂ እንደሆን ብዬ ነው።»

ምን እንደምመልስ አላወቅኩም።
አንደኛውን ቆርቆሮ ከፈትኩ።