ባዶ ዙር

ጎንደር፣ አውቶ ፓርኮ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ቤት ውስጥ፣
አንድ ቶርኖ አለ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፤
ስሙ በዘይት ታጥቦ፣ ቁጥሩ ብቻ የቀረ፣
ለአያ አዛናው እጅ ሠላሳ ዓመት ያደረ።

አንድ ነውር ነበረው፦
እጀታው ሲመለስ፣ ሩብ ዙር ያህል ዝም፤
እጅ ይዞራል እንጂ ቢላው ንቅንቅ አይልም።
«አትቁጠሪያት እሷን» ይለኝ ነበር አያ፣
«ሩቧ የሰይጣን ናት፤ ሥራው ከዚያ ወዲያ።»
እኔም አልቆጠርኳት፤
ሰባት ዓመት ሙሉ በጣቴ ዘለልኳት።

አያ ኅዳር ላይ ዐረፈ።
ቁልፉን ከነዘይቱ ልጁ መዳፌ ላይ አኖረችው።
ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል፦
«አያ ሳይኖር ልኩ ይመጣል?»

አዘዞ አንድ አለ አሉኝ፤ ሄድኩ ላየው ብዬ፣
ካርቶን በብብቴ፣ እርሳስ በጆሮዬ።
የእኛው ታናሽ ወንድም፣ ከዚያው ቤት የወጣ፣
አጥንቱ ያው ሆኖ፣ ልቡ ኋላ የመጣ።
የእኛ ዳዶ አንድ ወጥ፤ የእሱ ሁለት ክፋይ፣
በመሃል ሽብልቅ፣ ትንሽ ቪቴ ከላይ፤
ቪቴዋ ስትጠብቅ ሽብልቁ ይገፋል፣
የሰይጣኑ ድርሻ እዚያው ላይ ይጠፋል።

ዕቃው? በዶላር ነው። ዶላሩ? በሰማይ።
ቁራሌው ጋ ነሐስ አገኘሁ፣ የፓምፕ ቡሽ፣
ከአንገረብ የወጣ፣ በኪሎ የተመዘነ፤
ሦስት ማታ ሞረድኩት፣
መብራት ሲመጣ በመብራት፣ ሲሄድ በሻማ።

ከዚያ የአያን ዳዶ ሞርሳ ላይ አሰርኩት።
ሙት ወቃሽ አይደለሁም፤
ግን በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅኩት።
መጋዙ መሃል ሲደርስ ትንፋሼን ዋጥኩ፣
«ምነው ልጄ?» የሚል ድምፅ ጠበቅኩ።

ገጠምኩት። እጀታው ገና ሲነካ ቢላው ነቃ።

ከቆላ ድባ መጣ ባለወፍጮው ዋሴ፤
ዘንጉን አስይዤ፣ ደስ እያላት ነፍሴ፣
አንዴ ላጥኩ፤ ቢላውን ወደ ኋላ ሳብኩት፤
ልመልሰው ስል ግን
ጣቴ እንደ ልማዷ ሩቧን ዘለለቻት።
ሩቧ የለችም።
ብረቱ ጮኸ፤
የዋሴ ዘንግ ግማሽ ሚሊ ተበላ።

ዋጋውን ከፈልኩ።
ዋሴ ምንም አላለም፤
ማሽኑን ትቶ እጄን አየ።

አሁን ከእጀታው በላይ በጠመኔ ጽፌአለሁ፦
«ሩብ የለም።»
ትናንት አንዱ የተሰበረ ብሎን ሊያስወጣ መጥቶ
አነበበና፣ «ቅቤ ትሸጫለሽ እንዴ?» አለኝ።
ሳቅኩ።
እጀታውን ያዝኩ፣
በቀስታ።