በጉድጓድ ያደረው

እዚያ ጥር በጋ ነው፤ በጎች ከጥላ ጥላ ሲዞሩ፣
ሰዎች በጠራራ ሲያማርሩ፣
ድንገት ደርሶ ከደቡብ ንፋሱ ፓምፔሮ
ምሰሶውን ጣለው፣ ሽቦውን በጥሶ፣ ቆርቆሮ አባሮ።

ንፋሱስ አለፈ፤ ሙቀቱ ተተካ፤
ታኩዋሬምቦ ላይ መብራት ከጠፋ ሦስተኛው ቀን ነካ።
ዙልማ ኤቻርት ማቀዝቀዣውን ከፍታ
እንደ ልጅ ግንባር ዳሰሰችው ለአፍታ።
አሥራ ስድስት ዲግሪ። ሰባ ብልቃጥ ሙሉ ሕይወት፣
በያንዳንዱ ወለል ምራቅ የምታህል ነጭ ቅባት፤
ዐይን የማያያቸው፣ ስማቸው ቁጥር የሆነ፣
ከማገጥ ሥር ተለቅሞ አርባ ዓመት ዘራቸው በእጇ የታመነ።
ያስተማራት ሽማግሌ፣ ኪሱ በቀለም የራሰ፣
ቤት አላወረሳት፣ መሬት አላወረሳት፤ እነዚህን ነው ያወረሰ።

ምን ታድርግ? በረዶ ሻጩ ከሰል ሆኖ ቤቱን ዘግቷል፤
የከተማው ውሃ እንኳ በቧንቧው ፈልቷል።
ያን ጊዜ ትዝ አላት የኒካኖር ጉድጓድ፣
አያቱ ጥቁር ድንጋይ ሰንጥቆ ያወጣው፣ ከወገብ በታች ብርድ።
ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልላ፣ በወተት ባልዲ ደርድራ፣
ገመዱን ክንድ በክንድ ለቀቀችው፣ ትንፋሿን ቆጥራ።
ኒካኖር ባርኔጣውን አውልቆ "ምንድን ነው?" አላት።
"የማገጥህ እናት።"

አራት ሌሊት ከውሃው በላይ ተንጠልጥለው አደሩ፤
በአምስተኛው መብራት መጣ፤ ከሰባው ስልሳ ስምንቱ ኖሩ።

*

ሚያዝያ ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ስኳር በውሃ በጥብጠው
ዘሩን ከረግረግ ጥቁር አፈር ጋር በአካፋ ለውሰው
ይቸኩላሉ፤ ፀሐይ ካየችው
አንዲት ጠዋት ትበቃዋለች፣ ልትጨርሰው።
አምና አንዱ፣ ከረጢቱን ትራክተር ላይ ትቶ
ማቴውን ሲመጥ ቆይቶ፣
የዘራው ሁሉ በቀለ፤ በቀለና ቢጫ ሆነ፤
"ዘሩ ሌባ ነው" አለና አዘነ።
የሰመረለትን ማሳ ግን በነሐሴ ሥሩን ነቅለህ ብታየው
የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል እባጭ ነው፤
በጥፍርህ ብትሰነጥቀው ሮዝ ነው፣ እንደ ሕፃን ድድ።
አየር የሚታረስበት ጓዳ፤ በሬ የለ፣ ጅራፍ የለ፣ ጥማድ።

*

በሦስተኛው ዓመት ኒካኖር እግሩ መረቀዘ፤ ቁስሉ በመድኃኒት ዳነ፤
መድኃኒቱ ግን አረም ከሰብል ሳይለይ አጭዶ፣ አንጀቱ ምድረ በዳ ሆነ።
አንድ ክፉ ተውሳክ ብቻውን ነገሠ፤ ሰውዬው ውሃ ሆኖ አለቀ።
ዶክተር ኢልዳ "እርሾ ያስፈልግሃል" አለችው፤ ሳቀ።
"ከጤነኛ ሰው ሆድ።" ሳቁ ደረቀ።

ምርመራውን ያለፈው፣ ከሰባት ሰው ተለይቶ፣
ወንድሙ ኤውሴቢዮ ሆነ፤ በአጥር ተጣልቶ
አሥራ አንድ ዓመት አፉን የዘጋ።
"ሞት ይሻለኛል" አለ ኒካኖር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በአልጋ።
ዙልማ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤
"በጉድጓድህ ያደሩት፣ የማን ዘመድ ነበሩ?" ብላ ጠየቀች።
ዝም አለ። በማግስቱ ፈረመ።
ሳምንት ሳይሞላ ሾርባ ለመነ፤ ጨው አነሰው ብሎም አጉረመረመ።

ታረቁ? አልታረቁም።
ኤውሴቢዮ ዛሬም በአጥሩ ሲያልፍ ቀና አይልም።
የአንድ ሆድ ልጆች ነበሩ፤ አሁን አንድ ሆድ ሆኑ፤ ይኸው ነው።
ኒካኖር ያንን ማሳ ሲያይ እጁ ሳያውቀው
ሆዱን ይዳብሳል።

*

ዙልማ ጡረታ ስትወጣ ሰዓት ሸለሟት፤ አውቶቡስ ውስጥ ረሳችው።
ቁልፉን ለወጣቷ ያሚላ ሰጠች፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በቃል አስጠናቻት፤
ከዚያ አንድ ጥቅል ገመድ፣ ሃያ ሁለት ክንድ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት።
"ጄኔሬተር አለን እኮ" አለች ልጅቱ በግርምት።
"ይኑራችሁ" አለች ዙልማ፤ "ይህንንም ከበሩ ጀርባ ስቀሉት።"