እሺ

ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ባጃጅ ታጭቀው፣
ከዘራቸውን በጎን፣ በመጋረጃው አሹልቀው፣
ከታቦር ግርጌ ወጡ፣ ወንድሜን ሊድሩት።
ወንድሜ በር ላይ ነው፤ «እሺ» አለ ሲሰናበቱት።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ጥቁር ውሃ ላይ፣
ሞተሩ ጥሎት ከአስፋልቱ ጠርዝ ሲታይ፣
ራሱ ተከፍቶ ነበር። ሪፈራል ወስደው ሰፉት።
ቃላቱ ግን በስፌቱ አፈትልከው ጠፉት፤
መጀመሪያ የእኔ ስም፣ ቀጥሎ የራሱ፣
ኋላም የሐይቁ ስም፣ የውሃ፣ የልብሱ።
ሁሉም ሄደ። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፣
ከኪስ ጥግ ተሸጉጣ ሌባን ያመለጠችው፦
«እሺ»።

ዘንድሮ ደግሞ ኩላሊቱ። ሰኞና ሐሙስ፣
ደሙ በቱቦ ወጥቶ ታጥቦ እስኪመለስ፣
አጠገቡ እቀመጣለሁ። «አመመህ?» «እሺ»።
«በረደህ?» «እሺ»።
«ነገ እንቅር?» «እሺ»።

እናቴ ዓይኗ ፈዘዘ፣ ጉልበቷም ከድቷታል፤
ሌሊት ስታገላብጠው ወገቧ ይጮህባታል።
«ሠራተኛ» ትላለች «ደሞዟን ቆጥራ ትሄዳለች፤
ሚስት ግን፣ የት ትደርሳለች፣ ሚስት ትቀራለች።»
ጋሽ ሹራሞ አከለ፦ «ቤቱም በስሙ ነው፤
ዘር ቢያስቀርስ? የእግዜርን ሥራ ማን አወቀው?»
እኔ ዝም አልኩ።
እውነቱን ልናገር? እኔም ተስፋ አደረግሁ፤
ዲላ የሚጠብቀኝ አለ፤ በሐሳቤ ሻንጣ ሸከፍሁ።

ልጅቷ ፀሐይነሽ ናት። ከአረካ ነው መምጣቷ።
ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ የሸሚዝ እጅጌ ነው ስፌቷ፤
እጅጌ ብቻ። ደረቱን ሌላ ሰው ይሰፋል።
በዚያች ደሞዝ ላይ ደግሞ የአራት ታናናሾች ደብተር ያርፋል።
አባቷ «እሺ» አሉ።
የእሳቸው ራስ ደህና ነው፤ የትም አልተሰበረም።
እሷን ግን፣ እስከ ማክሰኞ፣ ማንም አልጠየቃትም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ክፍለ ከተማ፣ ወሳኝ ኩነት ክፍል።
ምናሴ በአጎቴ ሱፍ ውስጥ ትከሻው ሲዋልል፣
ከመስኮቱ ማዶ አንድ አባ ኮዳ ጣራ ላይ ቆሟል፤
ራሰ በራ ኃላፊ መስሎ መዝገቡን ያያል።
መዝጋቢዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች፤
«አቶ ምናሴ፣ በፈቃድዎ ነው?» ብላ ጠየቀች።
«እሺ»።
እናቴ ተነፈሰች። ጋሽ ሹራሞ ፈገግ አለ።
ብዕሩ ለምስክር፣ ወደ እኔ ዞሮ ሳለ፣
ምን እንደነካኝ አላውቅም።
«ምናሴ፣» አልኩት፣ «ሐይቁን ጭልጥ አርገን እንጠጣው?»
«እሺ»።
«እማዬን አሞራ ገደል ወስደን በዓሣ እንለውጣት?»
«እሺ»።
«እንሙት፣ ምናሴ?»
«እሺ» አለኝ ደስ ብሎት፣ ድምፄን ስለሚወደው።

ፀሐይነሽ አንገቷን ደፍታ ነበር። ተነሳች።
ጎንበስ ብላ የኮቱን እጅጌ በጣቷ ገለበጠች፤
የስፌቱን ውስጥ አየች፣ ልማድ አይለቅምና።
ከዚያ ዓይኑን፣ ረጅም ጊዜ፣ ዓይኑን አየችና
«ልሂድ?» አለችው።
«እሺ»።
ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ለከሰዓት ፈረቃ ቀድማ ወጣች።

ጋሽ ሹራሞ ይኸው ሳምንቱ፣ አላናገረኝም።
እናቴ «እኔ ስሞት» ትላለች፤ አትጨርሰውም።
ትጨርሰው ብላትስ? የምመልስላት የለኝም።

ዛሬ ማታ እግሩን አጥቤ ጥፍሩን ስቆርጥለት፣
ስልኩ ሦስቴ ጠራ፣ ከዲላ። አላነሳሁለት።
ምላሴ ላይ ቆማለች፣ የፀሐይነሽ ጥያቄ፤
መልሱን አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ ጠንቅቄ።
አልጠየቅሁትም።
የግራ እግሩ ጥፍር ይቀረኛል።