አሸዋ

"ስንት ጊዜ?" አሉ አባ፣ ከእንጨቱ ወንፊት ጀርባ፤
ጼዛሪ ቁጥሩን ነገራቸው፣ ሆዱ በሐፍረት እየባባ።
"ኃጢአት ነው ልጄ፤ ቁረጠው፤ ጹም፣ ጸልይ፣ ዓይንህን ዝጋ።"
ማለ። መሐላው የቆየው፣ የግዳንስክ ሰማይ እስኪነጋ።

"ስንት ጊዜ?" አለች ሐኪሟ፣ ብዕሯን ቀጭ ቀጭ እያረገች፤
ያንኑ ቁጥር ሰጣት፤ እሷም ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባች።
"ሱስ ነው፣ አይደለም ሲባል፣ ሊቃውንቱም አልተስማሙ፤
ሕመም መሆኑ ግን እውነት።" ቀለል አለው በስሙ፤
"ከታመምኩማ..." አለና፣ ሸክሙ ከጫንቃው ወረደ፣
እዚያው ፌርማታው ላይ ቆሞ፣ እጁ ወደ ስልኩ ሄደ።

ዶብሮስዋቫ ቁጥር አልጠየቀች። ሳህን እያጠበች፦
"ትንሿን ያተኮሳት ሌሊት፣ ከግድግዳው ማዶ ስጠራህ፣
የት ነበርክ?" አለች።

ከሌሊቱ አስር ተኩል፣
በረዶ የላሰው ሐዲድ ላይ ትራሙ ቁልቁል ሲንሸራተት፣
ፔዳሉን ረገጠ፤ ከሥር አሸዋ ተበተነለት።
በረዶ ነው ወይስ ቅባት፣ አልጠየቀም ብረቱ፤
ነከሰና ቆመ።
ግንባሩን አስደገፈ ጼዛሪ ከመስተዋቱ።

ስልኩ ዛሬ እሷ ዘንድ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ አላለችው።
የአሸዋው ሣጥንም ይጎድላል።
ማታ ማታ ነው የሚሞላው።